ቁጥር የማይጠይቅ ስብሰባ

ነገሩ በጠቅላላ ያስከፈለኝ አንድ ሰው ነው። ብር አልወጣበትም፤ መተግበሪያው ነጻ ነበር።

አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ሞባይል እሸጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ጓሮ ዐሥራ ሁለት ሆነን እንሰበሰብ ነበር፤ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን ቤታቸው ሄደን የምናጥብ፣ የምንመግብ በጎ ፈቃደኞች ነን። መቀመጫችን የዕቃ ካርቶን ነው። በሩ አጠገብ ያለው የአንዲት አባላችን ነበር።

ስትገባ ሁልጊዜ፣ "ዛሬም ወንበር አልገዛህም?" ትለኛለች።

"ከገዛሁ ምን ብለሽ ታወሪኛለሽ?"

ከዚህ ያለፈ ለመናገር ወኔው አልነበረኝም። እሷ ከባሏ ሸሽታ የወጣች ናት። የስልክ ቁጥሯ ያለን እኔና ሰብሳቢያችን የሆኑት ጡረታ የወጡ ነርስ ብቻ ነበርን።

ግማሾቻችን ርቀው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሲገቡ በስልክ እንሰብሰብ ተባለ። "ስልክ ሻጩ ይምረጥ" አሉ። ማንም የማይቸገርበትን፣ በስልክ ቁጥር ብቻ የሚገባበትን መተግበሪያ መረጥኩ።

"የሁላችንን ቁጥር ለሁሉም ያሳያል እንዴ?" አሉ ነርሷ።

"እትዬ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።"

"አንተ ቁጥርህን ታፔላ ላይ ጽፈህ ነው የምትኖረው። ሰው ሁሉ ሱቅ አይደለም።"

ሳቅኩና ሁሉንም አስገባሁ። እሷንም።

ከአባላቱ አንድ ሽማግሌ ባሏን ያውቁታል። ቁጥሯን እዚያ አይተው ሰጡት። ክፋት የለባቸውም፣ ሊያስታርቁ ነው። "ልጄ፣ ትዳር ሲፈርስ ዝም ይባላል?" አሉኝ። ባልየው በደወለ ዕለት ቁጥሯን ዘጋች፤ ቤትም ቀየረች። ለነርሷ በሰው የላከችው ይኸው ነው፦ "ሁሉንም ሰላም በሉልኝ። ያን ሰውዬ ወንበር ይግዛ በሉት።"

ከዚያ በኋላ ቁጥር የማይጠይቅ፣ በሊንክ ብቻ የሚገባበት አገኘሁ። ስምን እንደፈለጉ መጻፍ ነው። የመጣ ሰው ውጭ ይጠብቃል፣ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ነርሷ ሊንኩን በዚያው ሰው በኩል ላኩላት።

አንድ ቅዳሜ "እንግዳ" የሚል ስም በር ላይ ቆመ። እሷ ናት ብዬ ወዲያው ከፈትኩ። ሽማግሌው ናቸው፤ ስማቸውን መጻፍ አቅቷቸው ነው።

"ሃሎ? አይሰማም እንዴ?"

"ይሰማል፣ ጋሼ።"

ወንበርም ገዛሁ፣ አንድ። በሩ አጠገብ ነው ያለው። ደንበኛ ሲቀመጥበት፣ እስኪነሳ ድረስ ዋጋ መናገር ያቅተኛል።

ዐሥራ ሁለት ነበርን። ዐሥራ አንድ ነን።