ልጄ ያረመችው የተሳሳተ ዝላይ

ልጄ ወልድያ ተምራ ጨርሳ መርሳ ወዳለው ቤታችን ስትመለስ የጓሮውን ክፍል ለቀቅኩላት። ሥራ እስክታገኝ ነበር ሐሳቡ። ጠዋት ትገባለች፤ ለምሳ ስጠራት "መጣሁ" ትላለች፤ ምሳው ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ ግሎ እሳት ይነሳል ብዬ ስለምፈራ በመስኮቱ እያየሁ አልፋለሁ። አባቷ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።

ጎረቤቴ "ልጅሽ ቀኑን ሙሉ ምን ትጽፋለች? ባል እየመረጠች ነው እንዴ?" እያለች ትስቅብኛለች። እኔም ስቄ አልፈዋለሁ። የልጅን ነገር ሰው ፊት ማውጣት አልወድም፤ የሰው ዓይን አለ። ደግሞም የምትሠራውን በደንብ አላውቀውም ነበር። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት።

አንድ ቀን ሽምብራ እየለቀምኩ ጠየቅኳት። ከርነል የሚሉት የኮምፒውተሩ እምብርት አለ አለችኝ። እዚያ ውስጥ፣ ሥራው እየሄደ፣ ትእዛዝን ማሽኑ ወደሚገባው ቁጥር የሚለውጥ ተርጓሚ አለ። ማሽኑ ወደ ሩቅ ትእዛዝ ዝለል ሲባል፣ ርቀቱ የሚጻፍበት ቦታ ይጠብና የተረፈው አሃዝ ይቆረጣል። እሷ የምታርመው ይህን ነው።

"ታዲያ ማሽኑ ይቆማላ?"

"ቢቆም ጥሩ ነበር እማ። አይቆምም። የተሳሳተ ቦታ ዘሎ፣ ልክ ነኝ ብሎ ይቀጥላል።"

እርማቱን ውጭ አገር ላሉ፣ ፊታቸውን አይታ ለማታውቃቸው ሰዎች ትልካለች። ከተቀበሉት አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል። ይህን ስትነግረኝ "ኢንሻአላህ" አልኩ፤ እጄ ግን ሽምብራው ውስጥ ቆመ።

መጀመሪያ የላከችውን ከእነዚያ ሰዎች አንዱ መለሰው። ወደ ፊት የሚዘለውን ስታቃና ወደ ኋላ የሚዘለውን አበላሽተሻል አላት። ፊቷ ሲጠቁር አይቼ፣

"ምን አድርገሽው ነው? ሽማግሌ እንላክበት" አልኩ።

ከት ብላ ሳቀች። "ምን ብለው ሊለምኑት? ሰውየው እኮ አልተጣላኝም። እውነቱን ነው፤ ተሳስቻለሁ።"

"ታዲያ ለስለስ አድርጎ አይናገርም?"

"ይህ እኮ ለስላሳው ነው።"

እንደገና ጀመረች። እያንዳንዱን ትእዛዝ በትንሹም በትልቁም ቁጥር፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እየሞከረች ከረመች። እኔ ስሰግድ እንዲሳካላት እለምናለሁ። ሰግጄ ስጨርስ ግን መስገጃው ላይ እንደተቀመጥኩ፣ እሷ ስትሄድ በዚህ ቤት ከማን ጋር ልሆን ነው እላለሁ። ይህኛው ዱዓ ሆኖ እንዳይቆጠርብኝ ቶሎ እነሳለሁ።

ዳግም ልካ መልሱ ይመጣል በተባለበት ሰሞን የመርሳ ኔትወርክ ጠፋ። መንገዱን ስለምፈራ ብቻዋን አልሰደድኳትም፤ አብረን በሚኒባስ ወልድያ ሄድን። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ገብተን ኮምፒውተሩን ከፈተች። አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

"ተቀበሉት እማ!" ብላ ብድግ አለች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን።

"ቀስ በይ፣ ሰው አለ" ብዬ ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት።

"እልል አትይም?"

"ቤት ስንገባ።"

ቤት ስንገባ ደግሞ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ተውኩት። በሹክሹክታ ማሻአላህ አልኩና ልብሷን ማጠፍ ጀመርኩ።

አዲስ አበባ ሄደች። ጎረቤቴ ስትጠይቀኝ "ዘመድ ጥየቃ ነው" አልኳት፤ ሥራው እስኪጸና ብዬ። ሥራው ጸና፤ እኔ ግን አልተናገርኩም። ጎረቤቴም መጠየቁን ተወችው።

በቀደም ልጄ ደወለች።

"ጎረቤቶች ምን አሉሽ? ደስ አላቸው?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ለማንም?"

"ለማንም።"

ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሄሎ" አልኩ።

"አለሁ" አለችኝ። "እማ፣ እስካሁን ብቻሽን ነው እንዴ የምትቀመጪው?"

ሥራ ጠርቷት ዘጋች። ሻሼን አስሬ ወጣሁ። ለጎረቤቴ ልነግራት ነው፤ ከየት እንደምጀምርም አሰናድቻለሁ። በሯ ተቆልፏል። ለካ ግራና ከተማ ገበያ ሄዳለች። ፀሐዩ እስኪበረታብኝ ድረስ እዚያው ደጃፏ ላይ ቆምኩ።