ስንበላ ዓይኑን የምንሸፍነው ሄልሜት

እናቴ «ይምጡ» አለች።

በቃ፣ ዜናው ይኸው ነው። ዛሬ ጠዋት ዓሣ እያጠበች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ይምጡ በያቸው፤ እዚሁ መጥተው ይዩት» አለችኝ። በአንድ እጄ የውኃ ጆግ፣ በሌላው የታናሽ እህቴን ጫማ ይዤ ነበር። ጫማውን ጆጉ ውስጥ ከትቼ ወደ በር ሮጥኩ። ከበሩ ተመለስኩ።

«እማዬ፣ እነማንን ነው ያልሽው?» አልኳት። ገብቶኛል፤ ደግማ እንድትለው ፈልጌ ነው።

«ክፍልሽን በሙሉ። ቲቸርሽንም። አሁን ያን ጫማ ከውኃው አውጭው።»

ከዚያ ወዲህ አልተቀመጥኩም። ይህን ራሱ የምጽፈው ቆሜ ነው፣ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስደግፌ። ቲቸር በቀደም «አንቺ ከምትናገሪው የምትጽፊው ይሻላል» ካለችኝ ጀምሮ ብዕር ስይዝ የሚያቆመኝ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከአጎቴ ነው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ደብረ ዘይት ለብዙ ዓመት የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበር። አያበርም፤ አብራሪው ፊት ያሉትን ስክሪኖች ነው የሚሠራው። አሁን ወገቡን አሞት ተሰናብቶ እዚህ ሐይቅ ከተማ ሞባይልና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሥራ ሲይዝ አምባሰልን በፉጨት ያዜማል፤ ብልሽቱን ሲያገኘው ያቆማል። ፉጨቱ ከቆመ ቴሌቪዥናችሁ ዳነ ማለት ነው።

ለውጡ የመጣ ሰሞን እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ስለ ለውጥ ያወራል። አጎቴ ለዒድ መጣና እሱም ስለ ለውጥ ማውራት ጀመረ፤ የሱ ግን ጀት ውስጥ ያለው ለውጥ ነበር። አሮጌዎቹን ጀቶች እያደሱ ነበር። ትሪው ላይ በቀረው ቅባት በጣቱ እየሳለ ያሳየናል።

«ድሮ አብራሪው ፊት ለፊት ሙሉ ግድግዳ የሚያህል መርፌ ነው። የነዳጅ፣ የከፍታ፣ የፍጥነት፣ የሞተር ሙቀት። ሁሉም የግድግዳ ሰዓት ነው የሚመስለው።»

«ሰዓት ከበዛማ ለሶላት ይመቻል» አለች እናቴ።

«እታለም፣ ልጨርስ እንጂ። አሁን ያን ሁሉ ነቅለን ስክሪን አስገባን። ዳሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትነኪው ካርታ ይሆናል፤ ስትደግሚው ሞተሩን ያሳይሻል። ከሁሉም በላይ ግን ከፊቱ የምትቆም መስታወት አለች። ፍጥነቱና ከፍታው በአረንጓዴ ቁጥር እሷ ላይ ይንሳፈፋል፤ በስተጀርባዋ ሰማዩ ይታያል። ዓይኑን ወደ ታች አውርዶ መርፌ የሚያነብ አብራሪ ለዚያች ቅጽበት ሰማዩን ለቀቀው ማለት ነው። የኛ ሥራ ሁሉ ሲጠቀለል የአንድ ሰው አንገት ቀና እንዲል ማድረግ ነው።»

ቀጥሎ ስለ ሄልሜቱ ነገረን። ሄልሜቱ ላይ፣ ከአንድ ዓይን ፊት፣ ትንሽ መስታወት ተንጠልጥላለች። መስታወቷ ላይ ክብ አለ። አብራሪው ራሱን ሲያዞር ጀቱ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች የራሱን አዟዟር ያነባሉ፤ የሚሳይሉም ዓይን ወደዚያው ይዞራል። ክቡ ያረፈበት ሌላ አውሮፕላን ተያዘ ማለት ነው።

እናቴ ትሪውን ማንሳቷን ትታ ቆመች። «ሲያየው ብቻ?»

«ሲያየው። ከዚያ ቁልፍ መጫን አለ።»

«ታዲያ ዓይነ ናስ ነው በለኛ። አላህ ይጠብቀን።»

ሁላችንም ሳቅን። ዓይነ ናስ ማለት ሲያይ የሚጎዳ ዓይን ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው ከሱ ተሸሽጎ ይበላል። እሷ አልሳቀችም።

ጦርነቱ ደረሰ። ከተማችን ተያዘች፤ ስልክም ጠፋ። እናቴ እኔንና እህቴን ይዛ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ አክስቷ ወዳለችበት መንደር ሸሸች። አጎቴ በሕይወት ይኑር አይኑር የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። አንድ ረፋድ በማሽላ ማሳ መሐል ስናልፍ ጀት በላያችን ሄደ። የጀት ድምፅ ከኋላው ነው የሚመጣው፤ ቀና ስትሉ እሱ የለም፣ ሰማዩ ግን እየተቀደደ ነው። እናቴ ሁለታችንንም መሬት ላይ ጥላ ተኛችብን።

«አትንቀሳቀሽ» አለችኝ በጆሮዬ። ለእህቴ አላለቻትም። ለኔ ነው ያለችው፣ ታውቀኛለችና። እኔ ተኝቼ እንኳ እግሬ የማያርፍ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ጉንዳን ባቴ ላይ ወጥቶ ይነክሰኛል፤ የናቴ ልብ ጀርባዬን ይመታል፤ እኔ ደግሞ ክቡን አስባለሁ። አጎቴ ትሪው ላይ የሳለውን። የት ይሆን ያረፈው እያልኩ።

ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም ነበር። እሷም ያኔ ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም።

ሰላም ሲሆን አጎቴ መጣ፤ ቀጥኖ፣ ወገቡን ይዞ። ስለ ጀት ማውራት ግን ተወ። እኛም አልጠየቅነውም። ዘንድሮ ግን ፊዚክስ ላይ ስለ ብርሃን ስንማር ቲቸር «የሚሠራ ነገር ሠርታችሁ አምጡ፤ የተመረጠው ደሴ ለተማሪዎች የሳይንስ ትዕይንት ይሄዳል» ስትል እኔ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። የት እንደምሄድ አውቄአለሁ።

«ቁጥሩና ሰማዩ እንደት ነው አንድ መስታወት ላይ የሚታዩት?» አልኩት አጎቴን፣ ሱቁ በር ላይ ቆሜ።

«ምስጢር ልታስወጭኝ ነው የመጣሽ?»

«መጽሐፍ ላይ ያለውን ብቻ ንገረኝ።»

ፉጨቱን አቆመ። የተሰበረ መስታወት አንስቶ ወደ መስኮቱ ሰያፍ ያዘው፤ ከሥሩ የሞባይሉን ስክሪን አበራ። መስታወቱ ውስጥ የመንገዱ ባጃጆች ይሄዳሉ፤ በላያቸው ላይ ሰዓቱ ተንሳፍፏል። እንዲህ ቀላል ነው። ይህን አይቼ ቤቴ የገባሁት እየሮጥኩ ነው።

ሄልሜቱን የሠራነው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ደንበኛ የጣለው የሞተር ሳይክል ሄልሜት ነበር። ከቀኝ ዓይን ፊት ቁራጭ መስታወት በሽቦ አንጠለጠልን። ክቡን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ለዒድ በተገዛልኝ አረንጓዴ የጥፍር ቀለም። ለሚሳይሉ ግን አጎቴ «እሱን እንተወው» አለና በምትኩ የእጅ ባትሪ አመጣ። ባትሪውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚዞር እግር ላይ አቆምነው፤ ሄልሜቱንና ባትሪውን በዓሣ መረብ ክር አገናኘን። ራሴን ወደ ግራ ሳዞር ክሩ ይስባል፣ ባትሪውም ወደ ግራ ይዞራል። ያየሁት ነገር ላይ ብርሃን ያርፋል። ወላሂ ይሠራል። ጃኬት አየሁ፣ ጃኬቱ በራ። ድመቷን አየሁ፣ ድመቷ ሸሸች።

እናቴ ሄልሜቱ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ምግብ ሲቀርብ ሻሿን አውርዳ ዓይኑን ትሸፍነዋለች። «እያየን አንበላም» ትላለች። እህቴ አንድ ቀን «እሱም ይርበው ይሆናል» ብላ ጉርሻ ልትሰጠው ስትሄድ ተቆጣቻት።

ቲቸር የኔን መረጠች። ደሴ እሄዳለሁ። ሄልሜቱን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሽቦው እየተንጠለጠለ፣ እየዘለልኩ ቤት ገባሁ።

«አይሆንም» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ተመርጬ እኮ ነው!»

«ይሄን ሽቦ የተጠመጠመበት ቆብ ይዘሽ ኬላ ልታልፊ? 'ምንድን ነው?' ሲሉሽ ምን ልትያቸው ነው? 'የጀት ዓይን ነው' ልትያቸው? ሐይቁ ውስጥ ነው የምጥለው።»

አጎቴ ያግዘኛል ብዬ ወደሱ ዞርኩ። ጣቶቹን ማየት ጀመረ። «እውነቷን ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔም ይዤው መኪና ላይ አልወጣም።»

ያን ቀን በሁለቱም ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ልክ ናቸው፤ መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያኔ ግን መቆምም መቀመጥም አቃተኝ። ቲቸርን «እስከ ዓርብ ጠብቂኝ» አልኳት። «ካልሆነ በሌላ ተማሪ ሥራ እተካዋለሁ፤ አዝናለሁ» አለችኝ። ያ ሄልሜት ሌላ ሰው ሳያየው ሻሽ ለብሶ ጥግ ላይ ሊቀር ነው። ምሳ ላይ ጉርሻዬን ይዤ ተነስቼ በሩ ጋ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ትናንት፣ ሐሙስ፣ አጎቴም እኛ ጋ በልቶ ነበር። ትሪው ሲነሳ እናቴ እንደ ሁልጊዜው ሻሿን ልትወስድ ሄልሜቱ ጋ ሄደች። ሻሹን አነሳች፤ ቆመች።

«እስቲ አልብሰኝ» አለችው። «ልጄን እንዲህ የሚያንከራትታት ምን እንደሆነ ልየው።»

መስኮቱንና በሩን ዘጋሁ፤ ቤቱ ጨለመ። እናቴ «ቢስሚላህ» ብላ ከነሻሿ አጠለቀችው። ባትሪውን አበራሁ። ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ሄዶ ተለጠፈ።

«እኔ በሩን ነው የማየው፤ እሱ ቆርቆሮውን ያያል። ይሄማ ሰክሯል።»

«አልሰከረም» አለ አጎቴ እየሳቀ። «በልጅሽ ራስ ልክ ስለተስተካከለ ነው። እዚያም አንዱ አብራሪ የሌላውን አያጠልቅም። ከመነሳቱ በፊት የማይንቀሳቀስ ምልክት ያያል፤ ክቡን እዚያ ላይ ያሳርፋል። መሣሪያው ያኔ ነው ቀጥታ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው። አንችም አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር እይ፤ እኔ ክሩን አስተካክላለሁ።»

ራሷን አዞረች። መጋረጃው ይወዛወዛል። እህቴ ትስቃለች። የናቴ ፊት ዞሮ ዞሮ ግድግዳው ጋ እኔ ላይ ቆመ።

«አንች» አለች። «አትንቀሳቀሽ።»

ቆምኩ። እጄ ቆመ፣ እግሬ ቆመ። አጎቴ ከባትሪው ጀርባ ክሩን ያላላል፣ ያጠብቃል፤ ፉጨት የለም። ብርሃኑ ከጣሪያው ወረደ፤ በግድግዳው ተጎተተ፤ ትከሻዬን ነካ፤ ደረቴ ላይ አረፈ። ሞቀኝ ልበል? ባትሪ እኮ ነው፣ አያሞቅም። ግን ሞቀኝ።

እናቴ ለረጅም ጊዜ በክቡ ውስጥ አየችኝ።

«ያኔ ማሽላው ውስጥ» አለች፣ «በላያችን ያለፈው ሰው እንዲህ ነበር የሚያየን?»

አጎቴ ክሩን ለቀቀ። «አይ እታለም። ይህ ክብ ለሌላ አውሮፕላን ነው። በዚያ ፍጥነት ከላይ ሰው አይለይም።»

«አላየንም?»

«አላያችሁም።»

«እኔ ደግሞ የወንድሜ እጅ የነካው መስታወት ነው እያልሁ፣ አይቶ ያልፈናል እያልሁ ነበር ዱዓ የማደርገው» አለች። ቀጥላም፣ «ካላየንማ እሱ ነው የባሰው።»

እናቴ ሄልሜቱን በእርጋታ አወለቀች፤ ምግብ ሳይቀርብ በሻሿ ሸፈነችው፤ ወጥታ ከሰሏን ማያያዝ ጀመረች። ልከተላት ስል አጎቴ እጄን ያዘኝ። «ተያት» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳው ጋ ሳልንቀሳቀስ መቆሜን ያወቅኩት ያኔ ነው።

እና ዛሬ ጠዋት፣ ዓሣዋን እያጠበች፣ «ይምጡ» አለች።

ጫማውን ከጆጉ ካወጣሁ በኋላ ተመልሼ ጠየቅኋት። «ሐሳብሽን ለምን ቀየርሽ?»

«አልቀየርሁም። መንገድ ላይ አይወጣም፤ ያልሁት ያው ነው። እነሱ ይምጡ እንጂ።» ቢላዋዋን ጠረገች። «ከነዚህ ልጆች ነገ ማን በዚያ በአብራሪው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ አላህ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ አንድ ነገር አለኝ። ማጥለቅ የሚፈልግ መጀመሪያ አንች የቆምሽበት ይቁም። ሌላው በሱ ያስተካክል። ከዚያ ተራው ይደርሰዋል።»

ለቲቸር በስልክ ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ «ከደሴው ይሄ ይሻላል፤ እኛው እንመጣለን» አለች። አጎቴ ይኸው ክሩን በአዲስ እየቀየረ ነው፤ ፉጨቱ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ስለዚህ የእናቴን ጥሪ ላድርስላችሁ፤ ለክፍሌ ልጆች ብቻ አይደለም፣ ይህን ለምታነቡ ሁሉ ነው። ነገ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ይምጡ ብላለች። ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ የሚጠበሰውን ዓሣ ሽታ ተከተሉ። ሻሽ ያላችሁ ከነሻሻችሁ ታጠልቁታላችሁ። ዓሣው ሲቀርብ ዓይኑን እንሸፍነዋለን፣ እንዳትገረሙ። በመጀመሪያ ግን እያንዳንዳችሁ ግድግዳው ጋ ትቆማላችሁ፤ አንድ ሰው በአረንጓዴው ክብ ውስጥ እስኪያገኛችሁ ድረስ። አይከብድም። እኔ መቆም ከቻልኩ ማንም ይችላል።