የጎደለ መስሎኝ የሞላሁት ገጽ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ደምሴ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ። «የእጅ ጽሑፍ ሁልጊዜ የሚጎድለው ነገር አለ። ራስሽ ሙይው፤ ለዚህ ለዚህ ደንበኛ አይጠራም።» ሴቻ በሚባለው ሰፈራችን የምንሠራው የሠርግ ካርድ፣ ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። የጎደለ ስሞላ ዓመታት አለፉ፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ትዕግስት ከምዕራብ ዓባያ የመጣች መምህርት ናት። ልቦለዷን በሁለት ደብተር ጽፋ አመጣችልን። ባለታሪኳ የተደፈረች ወጣት ሴት ናት። ታሪኩ ግን ሰውየው ገብቶ በሩን ሲዘጋ ይቆምና፣ ቀጥሎ ሴትየዋ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ለመውረድ ታክሲ ስትጠብቅ እናገኛታለን። በር አጠገብ ቦታ ያለው ሚኒባስ እስኪመጣ ሦስት መኪና ታሳልፋለች። መሃሉ የለም።

«ዋናውን ዘለለችው እኮ» አልኳቸው ጋሽ ደምሴን።

«ታዲያ አንባቢ ምን ሊያነብ ነው? ሙይላት እንጂ!»

ሞላሁት፤ አንድ ገጽ ከግማሽ። የተቀደደ ቀሚሷን፣ የተበተነ ፀጉሯን፣ ጭኗን ሳይቀር ጻፍኩ። አልዋሽም፣ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለእርማት ስትመጣ ምስጋና ጠብቄ መጀመሪያ እሱኑ ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ አስቴር፣ ይህን ሲጽፉ የት ቆመው ነው?»

«እንዴት የት?»

«ይሄ ሁሉ የሚታየው ከበሩ በኩል ነው። በሩ ጋ የቆመው ደግሞ እሱ ነው።» ድምጿ ቀነሰ። «እኔ ያየሁት የአልጋውን እግር ብቻ ነው።»

ባለታሪኳ ማን እንደሆነች ያኔ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ገና አልታተመም አይደል?» አለችኝ።

ከጓዳ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ደምሴ እርማቱን ሳይጠብቁ ማተም ጀምረዋል። ሮጬ ማብሪያ ማጥፊያውን መታሁት።

«አብደሻል እንዴ አስቴር?»

«ያ ገጽ አይወጣም ጋሼ። ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

አላባረሩኝም። ከትዕግስት ጋር የታተመውን አንድ በአንድ እያወጣን ቀደድነው። አንዱ አምልጦን ቢሆንስ የሚለው ስጋት ግን እስካሁን አለቀቀኝም፤ መጽሐፉን በሰው እጅ ባየሁ ቁጥር ተቀብዬ ያን ቦታ እገልጣለሁ።

አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። የጎደለ ሲመስላችሁ አትሙሉት፤ ባለቤቱን ጠይቁ።