ታውኖ ያልሰማው የግግሩ ድምፅ

ታውኖ ኩይቫላይነን ሠላሳ አንድ የበረዶ ወቅት ሙሉ ከሁለት ጓደኞቹ ፊት ሄዷል። ሐይቁ በበረዶ ከረጋበት ጊዜ አንስቶ እስኪሟሟ ድረስ፣ በየእሑዱ ዓሣ ሊያጠምዱ ሲወጡ፣ ዲጂኖውን ይዞ የበረዶውን ግግር በየሦስት እርምጃው እየወጋ ይቀድማል፤ ኢልማሪ ዐሥር ሜትር ያህል ርቆ ይከተለዋል፤ ኦይቫ መሰርሰሪያውን፣ ስንቁንና የሦስቱን መቀመጫ የጫነውን ተንሸራታች እየጎተተ ከሁሉም ኋላ ይመጣል። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ከፊት የሚሄድ ሰው አይጠየቅም። ግግሩ ለዲጂኖው የሚሰጠውን ድምፅ የሚመዝነው እሱ ብቻ ነው፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ያልፋል፣ እንደ ባዶ በርሜል ካስተጋባ ይመለሳል። ከኋላ ያለው ዝም ብሎ ይከተላል። ይህን ማንም በጽሑፍ አላሰፈረውም፤ ሁሉም ግን ከአባቱ ተምሮታል።

ታውኖ በሥራ ዘመኑ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ተሳፋሪ አልተጎዳበትም፤ በዚህም በልቡ ይኮራ ነበር። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ግን ጆሮው ይከዳው ጀመር። አስቀድመው የጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ነበሩ፤ የወፎቹ፣ የስልኩ፣ የማንቆርቆሪያው ፉጨት። ሚስቱ ሄልቪ ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ድረስ እንደሚሰማ ስትነግረው፣ ቴሌቪዥኑ ስላረጀ ነው ብሎ መለሰላት። በመከር ወቅት እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቀጫጭን ድምፆችን ያለ ጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ እንደማይሰማ ሳይሸፋፍን ነገረው። ታውኖ መሣሪያዎቹን ተቀብሎ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠለቃቸው፤ የገዛ ማኘኩ እንደ ወፍጮ ጮኸበት፤ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። ሄልቪ ቢያንስ ለጓደኞቹ እንዲነግራቸው ለመነችው።

"ከነገርኳቸው ዲጂኖውን ይወስዱብኛል" አላት።

ጥፋተኛው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በቀለለ። ኢልማሪ ግን ያውቅ ነበር፤ ኦይቫም ያውቅ ነበር። ጡረታ የወጣው መሬት ቀያሽ ኢልማሪ፣ ልኬት ሳያረጋግጥ አንዲት መስመር አስምሮ የማያውቀው ሰው፣ ከዚያ በኋላ በመጣው ጥር ታውኖን ከኋላው ሦስት ጊዜ ጠርቶ መልስ ሲያጣ ተራምዶ ትከሻውን ነክቶታል። ዳቦ ጋጋሪው ኦይቫ ከታውኖ ጋር ሲያወራ ፊት ለፊቱ ቆሞ ከንፈሩን እያሳየ መናገርን ለምዷል። ሁለቱ መኪና ውስጥ ብቻቸውን ሳሉ ጉዳዩን አንስተውታል፤ ታውኖ ራሱ ሲፈልግ ይናገር ብለውም ተስማምተዋል። ይህን ስምምነታቸውን ጨዋነት ብለው ጠሩት። ሦስቱ ሰዎች በመጋቢት ማብቂያ ወደ ሐይቁ የወጡት ይህንኑ ጨዋነት ይዘው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሞቆ ነበር፤ ሌሊቱን ግን ውርጭ ወርዶ የግግሩን ገጽ እንደ መስተዋት አጠንክሮታል። በአንዲት ደሴትና በዳርቻው መካከል ውሃው ከስር ይፈስሳል፤ ግግሩንም ከሆዱ በኩል በልቶታል። ታውኖ እዚያ ሲደርስ ዲጂኖውን አወረደ። ብረቱ ከጠጠረው ገጽ ላይ ነጠረ፤ እጁም ደህና ነው አለው። ጆሮው ምንም አላለውም። ድምፁ ግን ባዶና የታፈነ ነበር። ኢልማሪ ሰምቶት ለአፍታ ቆመ። ታውኖ መንገዱን ሲቀጥል ኢልማሪም ቀጠለ። ኦይቫም ሰማ፤ እሱም ተከተለ።

ታውኖ ከሲታ ነው፤ ኢልማሪም ከእሱ አይሻልም። ኦይቫ መቶ ዐሥር ኪሎ ይመዝናል፣ ያውም ተንሸራታቹ ሳይቆጠር። ግግሩ ሁለቱን አሳልፎ ሦስተኛውን ዋጠ።

ኢልማሪ በደረቱ ተኝቶ የታውኖን ስም አራት ጊዜ ጮኾ ተጣራ። ገመዱ ያለው በታውኖ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ታውኖ ግን ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ሄደ። በመጨረሻ የዞረውም ጥሪው ተሰምቶት ሳይሆን እዚህ እንሰርስር ወይ ብሎ ለመጠየቅ ነው። ሲዞር ኢልማሪን ግግሩ ላይ ተኝቶ፣ የኦይቫን ቀይ ባርኔጣ ከጥቁር ውሃ በላይ አየ። ኦይቫ ከአንገቱ የሚንጠለጠሉትን ሁለት ሹል ብረቶች በየእጁ ጨብጦ ጠርዙ ላይ ይሰካል፤ ጠርዙም በተሰካ ቁጥር ይሰበራል።

"ወደ መጣህበት ዙር" ብሎ ጮኸ ታውኖ። "እስከዚያ ድረስ ግግሩ ችሎሃል።"

ኦይቫን መጎተት የሚቻለው ከዚያው ከመጣበት ወገን ነው፤ ታውኖ ደግሞ ያለው በማዶ ነው። ቀዳዳውን በሩቁ መዞር ነበረበት፤ ለመዞር ደግሞ ግግሩን ማመን ነበረበት። ዲጂኖውን አንድ ጊዜ አወረደ። ብረቱ ነጠረ። ሁለተኛ እርምጃ ሊራመድ እግሩን አንስቶ መልሶ አወረደው፤ ፊቱንም ወደ ኢልማሪ አዞረ።

"ምን ይላል?" ሲል ጠየቀ። "እኔ አልሰማም፣ ኢልማሪ። ምን ይላል?"

ኢልማሪ "ባዶ ነው፣ ወደ ግራ" አለው፤ እንዲታየውም እጁን ወደ ግራ ዘረጋ። ታውኖ ወደ ግራ ሄዶ መታ፤ ኢልማሪ "አሁንም ባዶ ነው" አለ። ሦስተኛውን ሲመታ የኢልማሪ እጅ ደህና ነው ለማለት ወደ ላይ ተነሣ። እንዲህ እየመታና እየጠየቀ፣ አንዱ በክንዱ ሌላው በጆሮው፣ ቀዳዳውን ዞሩት። ታውኖ በሆዱ ተኝቶ ገመዱን ወረወረ። ኦይቫ ክንዱ ላይ ጠቀለለው። ታውኖ ሲጎትት፣ ዞሮ የደረሰው ኢልማሪ የታውኖን ቁርጭምጭሚቶች ይዞ ወደኋላ ሲስብ፣ ኦይቫ እንደ ትልቅ ዓሣ ግግሩ ላይ ተንሸራትቶ ወጣ።

የኢልማሪ የሐይቅ ዳር ጎጆ አራት መቶ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ኦይቫን በመካከላቸው አድርገው አደረሱት፤ እርጥቡን ልብስ ገፍፈው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት፤ ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው ትኩስ የእንጆሪ ጭማቂ አጠጡት። የኢልማሪ ሱሪ ከጉልበቱ አላልፍ አለው። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲልለት ያፌዝ ጀመር፤ ሱሪው ኢልማሪ በልጅነቱ ለቁርባን የለበሰው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ መሰርሰሪያውንም ለዓሦቹ አበድሯቸው እንደመጣ ተናገረ።

ኢልማሪ አልሳቀም። "እኔ ሰምቼው ነበር፣ ታውኖ" አለ። "ባዶ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ፊት የነበርከው አንተ ነህ።"

"እኔም ሰምቻለሁ" አለ ኦይቫ። "ሰምቼ ነው ከነሆዴ የገባሁበት። ከሦስታችን ማን እንደሚብስ እኔ አልፈርድም፤ በርዶኛል።"

ታውኖ ከሦስት ዓመት ወዲህ የሆነውን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው፤ የሐኪሙን ቃል፣ የመሳቢያውን ነገር፣ በየእሑዱ ድምፁ የተሰማው መስሎ ለአፍታ ቆም እያለ ሲያታልላቸው መኖሩን። ሲጨርስ ትከሻው ሄልቪ ብታየው ልብ እስክትለው ድረስ ወርዶ፣ ላልቶ ነበር። ኢልማሪ ዲጂኖውን ከበሩ ጥግ አንስቶ ወደ ራሱ ወንበር አስጠጋው። ታውኖ ሲወስድበት አየ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲፈራው የኖረው ነገር ይኸው ሆነ፤ የተሰማው ግን አውቶቡሱን ባዶ አድርጎ ቁልፉን ሲያስረክብ የሚሰማው ዓይነት ዕረፍት ነበር። በዚያ ጠዋት አንድ ሰው ሊሞት ይችል ነበር፤ ሰውየው ግን ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ሁለተኛ ኩባያ እየጠየቀ ነው።

ሐይቁ ዳግመኛ በበረዶ ሲረጋ ኢልማሪ ቀደመ። ዲጂኖውን በመታ ቁጥር የሰማውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ኦይቫ ካልመሰከረለት አንድ እርምጃ አይራመድም። ሁለቱ በሰሙት ድምፅ ላይ ሁለት ጊዜ ተከራክረው ሁለቱንም ጊዜ ወደ ዳር ተመለሱ። ታውኖ አዲሱን ተንሸራታች እየጎተተ በመጨረሻ ይመጣ ነበር። ሠላሳ አንድ የበረዶ ወቅት ሙሉ ከእግሩ ስር ያለውን ብቻ ሲያዳምጥ የጓደኞቹን ጀርባ አይቶ አያውቅም። አሁን አየው። የኦይቫ ካፖርት ከወገቡ ተቀዷል። ኢልማሪ ደግሞ ግራ እግሩን ይጎትታል።

"ኢልማሪ" ብሎ ተጣራ ታውኖ፣ በመካከላቸው ያለው ኦይቫም እንዲሰማ አድርጎ። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነክሰው?"

ኢልማሪ ቆመ። ዲጂኖውን ተደግፎ ሙሉ በሙሉ ዞረ፤ ከንፈሩ እንዲታይም ሻርፑን ከአፉ ላይ ዝቅ አድርጎ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ መሆኑን ነገረው።