አኮ በእንዶድ ስታስረን

አላህ ይዘንላትና፣ አኮ የምንላት አያታችን ከከሚሴ ሰው ሁሉ ያለ ቁልፍ ማሰር የምትችል እሷ ብቻ ነበረች። ማሰሪያዋ እንዶድ ነው። ልጠይቃት ከደሴ በመጣሁ ቁጥር፣ ገና ሳልቀመጥ፣ «አንተ፣ ይሄ ሱሪ ነው ወይስ የጋራዥ ጨርቅ? አውልቀው!» ትለኛለች። የባሏን የድሮ ሽርጥ ትወረውርልኝና የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ ሙቀጫ ውስጥ ትወቅጠዋለች። ብናኙ አስነጥሶኝ ቀና ስል ሱሪዬ ተዘፍዝፏል። አረፋው፣ ወላሂ፣ ሰንበቴ ገበያ ድረስ ይታያል።

«አኮ፣ ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ታኢ! ተቀመጥ! በሽርጥ ቢሮ ልትገባ ነው?»

እንዳመልጥ ብዬ ሳሙና ገዛሁላት። «ሳሙና እድፉን ያባብለዋል እንጂ አያስወጣውም» ብላ ለጎረቤት ሰጠችው።

በዚህ ክረምት ግን አልጋ ያዘች። «ዘነዘናው ከበደኝ፤ አንተው ውቀጠው» አለችኝ። የገዛ ሱሪዬን በገዛ እጄ ዘፈዘፍኩ። እንዲህ ያለ ታዛዥ እስረኛ የትም አይገኝም። ጥርት አድርጌ አጥቤ ባሳያት፣ በደከመ ዓይኗ እንኳ በደንብ ሳታየው፣ «አልለቀቀም፣ ድገመው» አለች። ደገምኩት። ሱሪው አጥር ላይ እንደረጠበ እሷ ቀድማኝ ሄደች።

አሁን ለቅሶው አብቅቷል፤ ሱሪዬም ደርቋል። ሚኒባሱ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል። ቁጭ በል የሚለኝ ሰው የለም፤ እኔ ግን ከመደቡ መነሳት አቅቶኛል።