የተሞረደው አኮርዲዮን

የምሠራው በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። ስለ አገራችን ሙዚቃ የተጻፈ መጽሐፍ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ነው። ማሲንቆ አለ፤ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ ከበሮ አለ። ቀጥሎ «ወዘተ.» ይላል። አኮርዲዮን የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ «የውጭ መሣሪያ» ብሎ ከጊታርና ከሳክስፎን ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሸኘዋል። ቅር ይለኛል እንጂ አልፈርድባቸውም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ አኮርዲዮን አንጀቱ ተሞርዶ የጎጃምን ሠርግ መዝፈን እንደቻለ ማን ነግሯቸው ይጻፉት?

የሞረደው አባቴ ነው።

በደርግ ዘመን አባቴ የኪነት ቡድን አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። መሣሪያው ከምሥራቅ ጀርመን በርዳታ የመጣ ነው ይባላል፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ መሐሉ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚሳብና የሚገፋ። ቡድኑ በጭነት መኪና ተጭኖ አንድ ጊዜ ደጀን፣ ሌላ ጊዜ ደብረ ኤልያስ እየሄደ ያሳይ ነበር። ደጀን ላይ አንድ ገበሬ አባቴን ትክ ብሎ ሲያየው ቆይቶ «ይኼ ሁሉ ወናፍ፣ እሳቱ የታለ?» ቢለው ገበያው በሙሉ ሳቀ። አባቴ ይህን ሲያወራ ራሱም ይስቃል። ያን ጊዜ የሚጫወቱት የሰልፍ መዝሙር ስለነበር አኮርዲዮኑ አልተቸገረም።

ደርግ ሲወድቅ ቡድኑ ተበተነ። ልብሱ፣ ከበሮው፣ ድምፅ ማጉያው የት እንደገባ አላውቅም። አኮርዲዮኑ ግን በዚያ ሰሞን እኛ ቤት ነበር፤ መጥቶ የጠየቀው የለም።

እኔም ትምህርት የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። እናቴ ለዓመታት ታማ ተኝታ ነበር፤ የማስታምማት እኔ ስለነበርኩ አንደኛ ክፍል የገባሁት እሷን ከቀበርን በኋላ ነው። ቁመቴ ከመምህሬ እኩል ነበር። ልጆቹ «እማማ» ይሉኛል። መልስ አልሰጥም፤ መጽሐፌን እገልጣለሁ። ያ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አባቴ ሥራ ሲያጣ ከአንድ ማሲንቆ መቺ ጋር ተጣምሮ ሠርግ ለሠርግ መዞር ጀመረ። ሰውየው የአዝማሪ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ። የመጀመሪያው ሠርጋቸው አምበር ላይ ነበር፤ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ጭፈራው ደኅና ሄደ። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚዘፈነው ዜማ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱ መሣሪያዎች ተጣሉ። ዜማው አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ነው። አባቴ እንደሚለው፣ የዚያ ዜማ አንዳንድ ድምፆች በአኮርዲዮኑ ቁልፎች መካከል ነው የሚወድቁት፤ አንዱን ቁልፍ ብትጫነው ያንሳል፣ ቀጥሎ ያለውን ብትጫነው ይበዛል። ማሲንቆ መቺው ጣቱን የፈለገበት ያሳርፋል። አኮርዲዮኑ ግን የተሠራበትን ብቻ ነው የሚናገረው።

አንዲት አሮጊት ከዳሱ ጥግ ጮክ ብለው «ምነው ሳጥኑ ይኮላተፋል? አገሩ የት ነው?» አሉ።

«ጀርመን ነው፣ እማማ» አለ ማሲንቆ መቺው።

«ታዲያ አስተርጓሚ አምጡለታ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ማልቀስ የሚገባት ሙሽራ ሳትቀር በነጠላዋ ውስጥ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አባቴ ያን ቀን አልሳቀም።

በዚያው ክረምት፣ ሠርግ በሌለበት ወራት፣ አኮርዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ ፈታው። ውስጡ በሰም የተጣበቁ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ተደርድረዋል፤ ድምፁን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። የምላሱን ሥር ሲሞርዱት ድምፁ ይወርዳል፣ ጫፉን ሲሞርዱት ይወጣል። አባቴ ይህን ያወቀው አንዱን አበላሽቶ ነው። ማሲንቆ መቺው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ዜማው የሚፈልገውን ድምፅ ይይዝለታል፤ አባቴ ሞረድ ሞረድ ያደርግና ምላሱን በአፉ ነፍቶ ያዳምጣል። እኔ በጠረጴዛው ጥግ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሁለቱም እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው። ትንሽ ውረድ።»

«አሁን?»

«ኧረ አለፍከው! ዓባይ ገባህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

ሰሙ ሲያልቅ ምላሶቹን በጧፍ ሰም ያጣብቃቸው ነበር። ምላሳቸው የተሞረደባቸውን ቁልፎች በዳሰሳ እንዲለያቸው በላያቸው ላይ ከዚያው ጧፍ ትንሽ ትንሽ ጠብታ አኖረባቸው። ክረምቱ ሲወጣ አኮርዲዮኑ የሙሽራዋን ዜማ ከማሲንቆው ጋር አንድ አድርጎ ተናገረ። በምትኩ ሌላው ሁሉ ተበላሸበት፤ የሰልፉ መዝሙርም፣ የከተማው ዘፈንም ከዚያ በኋላ በእሱ መጫወት አልተቻለም። አባቴ ይህን አውቆ ነው ያደረገው። ከዚያ ወዲያ ሙሽሮች በዜማው ያለቅሱ ጀመር።

ከጊዜ በኋላ ኦርጋን መጣ። አንድ ሰው፣ አንድ ኦርጋን፣ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ፤ በቃ። ለአባቴና ለጓደኛው የሚመጣው ጥሪ እየሳሳ ሄዶ ቀረ። የአኮርዲዮኑ ወናፍም እጥፋቱ ላይ ተሰነጣጠቀ። አባቴ ከብራና ፋቂዎች ለምኖ ባመጣው ቁራጭ ይለጥፈዋል፤ ብራናው በክረምት ይረግባል፣ በበጋ ደርቆ ይላቀቃል። በመጨረሻ ከዘፈኑ ይልቅ ትንፋሹ የሚሰማ ሆነ። አባቴም ዐይኑ በሞራ ተጋርዶ ሞረድ መያዝ ካቆመ ቆይቶ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር። ያ የሙሽራ ዜማ፣ በዚያ አኮርዲዮንና በዚያ ማሲንቆ፣ አንድ ጊዜ በደንብ እንዲቀዳ። «እኛ ብንሞት ማሲንቆ መቺ አይጠፋም» ይላል። «ይኼ አኮርዲዮን ግን ሌላ የለውም።»

ስለዚህ አንድ የባህል ባለሙያ ቤታችን መጥቶ የድሮ ተጫዋቾችን በካሜራ ልንቀርፅ ነው ሲል አባቴ ሰውየውን እስከ ደጅ ድረስ ሸኘው። ባለሙያው ወጣት፣ ትሁት ሰው ነው። የወናፉን ማፏጨት ሰምቶ አዲስ አበባ የሚጠግን ሰው እንደሚያውቅ ነገረን።

«ወናፉን ብቻ» አለው አባቴ። «ሌላውን እንዳይነካብኝ።»

«አይስጉ፣ አባባ። እነግረዋለሁ።»

አኮርዲዮኑ ከአዲስ አበባ የተመለሰው በቀረፃው ዕለት ነው። የከተማው አዳራሽ ሞልቷል፤ ካሜራ የያዙት ሰዎች ከባሕር ዳር መጥተው መብራታቸውን ተክለዋል። ባለሙያው ሳጥኑን ተሸክሞ ላቡ እየወረደ ገባ፤ ፊቱ በደስታ አብርቷል።

«አባባ፣ ከወናፉም አልፎ ነው የሠራልዎት! ውስጡ ብዙ ድምፅ ተዛብቶ ነበር አለኝ። ያረጁትን ምላሶች አውጥቶ በአዲስ ተክቶታል። አሁን ልክ ከፋብሪካ እንደወጣው ሆኗል!»

አባቴ መጀመሪያ በጣቱ ቁልፎቹን ዳሰሰ። የጧፉ ጠብታዎች የሉም፤ ተፍቀው ጸድተዋል። አንዱን ቁልፍ በቀስታ ተጫነ፤ ከዚያ ሌላውን። ወናፉ አላፏጨም። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ቀና ብሎ ባለሙያውን «እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

ማሲንቆ መቺው ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

«ምነው?»

«ሄደ።»

«የቱ?»

«ሁሉም።»

«ተነሥ እንግዲህ፣ እንሂድ። ታመመ እላቸዋለሁ።»

አባቴ አዳራሹን ዞር ብሎ አየ፤ በሞራው ውስጥ ምን ያህሉ እንደታየው አላውቅም። «ይኼን ሁሉ ሰው ሰብስበው?» አለ። «አይሆንም። ጀምር።»

ማሲንቆ መቺው ብቻውን ጀመረ። አኮርዲዮኑ ገባ። ያ በቁልፎቹ መካከል የሚወድቀው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ማሲንቆው በቦታው አረፈ፣ አኮርዲዮኑ በጎኑ አለፈ፤ እንደ አምበሩ ቀን ተጣሉ። ለቅጽበት ነው። ወዲያው የማሲንቆ መቺው ጣት በጭራው ላይ ተንሸራቶ አኮርዲዮኑ ወዳለበት ሄደ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልተለያዩም። ዜማው ተስማምቶ፣ አምሮ፣ ሌላ ዜማ ሆኖ አለቀ። ሰው አጨበጨበ፤ ሴቶች እልል አሉ። ያለቀሰ አላየሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ አኮርዲዮኑን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ።

«ባልከተልህ ኖሮ ይስቁብህ ነበር» አለ ማሲንቆ መቺው።

«አውቃለሁ።»

«አትቀየመኝ።»

«ምን ብዬ ልቀየምህ? ለወዳጅነት ብለህ ነው ያደረግከው።» ትንሽ ሄድ አለና «የአምበሩ ሳቅ ግን ይሻል ነበር» አለ።

አኮርዲዮኑን ዳግም አልከፈተውም። ቢሞረድስ ብዬ ጠይቄው ነበር። «በየትኛው ዐይኔ?» አለኝ። በሚቀጥለው ክረምት ሞተ፤ ማሲንቆ መቺውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው።

የተቀረፀው ፊልም ግን አለ። «ጥንታዊ የጎጃም የሙሽራ ዜማ» ተብሎ በበዓል ቀን ይታያል፤ እኛ ትምህርት ቤትም ቅጂው ደርሷል። የሙዚቃ ክበቡን የሚመራው መምህር ተማሪዎቹን የሚያስጠናው በእሱ ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለሆነ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን መምህሩ ፊልሙን አቁሞ ጠራኝ።

«እዚህች ጋ ባለማሲንቆው ስቷል፤ ወዲያው ነው ያረመው። ይህችን ብቆርጣትስ? ልጆቹን ግራ ታጋባቸዋለች።»

ሄጄ አየሁት። ጣቱ ገና አልተንሸራተተም፤ መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው።

«አትቁረጣት» አልኩት። «አልሳተም። ትክክለኛዋ እሷ ናት።» የክረምቱን ነገር፣ የጧፉን ጠብታ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ዕድሜ ልኬን በአንድ ጊዜ ያን ያህል ያወራሁ አይመስለኝም።

በትዕግሥት ሰማኝ። አልቆረጣትም። ተማሪዎቹን ግን ከእሷ ቀጥሎ ካለው ነው የሚያስጀምራቸው።