የታረመው ስልክ ቁጥር

ሥራዬ ዌብሳይት መሥራት ነው። ከአጅማን አል ራሺዲያ ቡር ዱባይ ድረስ እየተመላለስኩ የምደክመው ለዚሁ ነው። «ባለሙያ ነኝ» ማለት ግን አሁን አሁን ያሳፍረኛል።

በአንድ ክፍል ስድስት ሴቶች ሆነን ነው የምንኖረው። ከበላዬ ባለው አልጋ የምትተኛው ወሎዬ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እታለም» እላታለሁ። ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ አሠሪዋ ማዳም «ኸላስ፣ በቃሽ» ብላ አሰናበተቻት። ሲም ካርዷንም «የገዛሁት እኔ ነኝ» ብላ ቀማቻት። ቪዛዋ ሊያልቅ ሃያ ቀን ቀርቶት ነበር፤ እስከዚያ ሥራ ካላገኘች ወደ አገር መመለስ ነው። ሁለት ልጆቿን የምታስተምረው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

ማዳሞች ሠራተኛ የሚመርጡበትን አንድ ገጽ የሚያስተዳድረው የእኛ ቢሮ ነበር። የእሷም ፎቶ እዚያ ላይ አለ፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን ያው የተቀማችው ነው።

«እናትዬ፣ ይቺን ቁጥር ብቻ በአዲሱ ቁጥሬ አስተካክዪልኝ» አለችኝ።

«ይቺማ ምን አላት!» አልኩ እየተጀነንኩ።

ያኔ ገና በሙከራ ላይ ባለ አንድ የዌብሳይት ማረሚያ መሣሪያ ፍቅር ይዞኝ ነበር። የተከፈተን ገጽ እዚያው ስክሪኑ ላይ እየነካካሁ አርማለሁ፤ እርማቱን ላፕቶፔ ላይ ያስቀምጥና ገጹን በከፈትኩ ቁጥር ታርሞ ያሳየኛል። ሌላው ሰው እንዲያየው ግን እኔው ራሴ ገጹ ወደሚቀመጥበት ሰርቨር መላክ አለብኝ። ቁጥሩን ቀየርኩ። ልልከው ስል አለቃዬ «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ስብሰባ!» ብሎ ጠራኝ። ተነሥቼ ሄድኩ፤ በዚያው ረሳሁት።

ቤት ስገባ ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋት። ፊደል ባትለይም ቁጥር ታውቃለች፤ በጣቷ አንድ በአንድ ተከተለችና «ወላሂ የኔው ነው!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። የክፍሉ ሴቶች ሁሉ አደነቁኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች!

ከዚያ በኋላ ስልኳን ከእጇ አታወጣም። ስትሰግድ እንኳ ከፊቷ ታስቀምጠዋለች። ማንም አልደወለም። «እስቲ ደግመሽ እዪልኝ» ትለኛለች፤ ከፍቼ አሳያታለሁ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። አንድ ቀን ተናደድኩና «ስንቴ ላሳይሽ? የፈለገሽ ሰው ከሌለ እኔ ምን ላድርግ!» አልኳት። ስልኳን ይዛ አልጋዋ ላይ ወጣች። ያቺን ቃል የተናገረ አፌን ምነው በቆረጠው!

ሃያው ቀን አለቀ። ሻንጣዋን አሥረን ሸኘናት።

በሳምንቱ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ገጽ በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ አየሁት። ከፎቶዋ ሥር ያለው የድሮው ቁጥር ነው። ደረጃው ላይ ወጥቼ ቁጥሩን ደወልኩ። በተሰባበረ ዓረብኛ ያነሣችው አበሻ ናት፤ በእታለም ቦታ ተቀጥራ ሲም ካርዱ የተሰጣት ሠራተኛ። ስለ እታለም ጠየቅኳት።

«እሷን ነው? ውይ፣ ስንት ማዳም ደወለላት መሰለሽ!» አለችኝ። «የኔዋ ማዳም ‹አገሯ ገብታለች በያቸው› ስላለችኝ እንደዚያው እላለሁ። ምነው፣ አልገባችም እንዴ?»

«ገብታለች» አልኩና ዘጋሁት።

ለእታለም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ስንቴ ልነግራት ተነሥቼ ስንቴ ተውኩት! ባለፈው ጁምዓ ራሷ ደወለች። ትልቁ ልጇ ትምህርት አቁሞ ቀን ሥራ ገብቷል።

«አላህ ያላለው ነው እንጂ አንቺማ ያላደረግሽልኝ የለም» አለችኝ። «ለኔ እንደደከምሽልኝ አላህ ይክፈልሽ።»

አሜን አልኳት።